ለታላቁ ሩጫ እየተዘጋጀሁ ነው፤ የዕረፍት ቀን ያስፈልገኛል ወይ? ካስፈለገኝስ የትኛው ቀን ይሁን?

የሽሮ ሜዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ ተመዝግቤያለሁ። የመጀመሪያዬ ነው፤ 10 ኪሎ ሜትሩን መሀል ላይ ሳልራመድ መጨረስ እፈልጋለሁ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከሠፈር ልጆች ጋር ሶምሶማ ጀመርን። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ተገናኝተን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያወጣውን አስፋልት እንይዛለን፤ እስከቻልነው ወጥተን ቁልቁለቱን እየሮጥን እንመለሳለን። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እንዲህ ነው። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ አለኝ፣ ግን ቀኑ ባዶ እንዳይሆን ከሰዓት በኋላ ጃን ሜዳ ሄጄ እዞራለሁ።

የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት መደርደሪያና ደንበኛ መሀል ቆሜ ነው የምውለው። እሁድ ደግሞ የቤቱ ሥራ ይጠብቀኛል፤ ልብስ አጠባው፣ እንጀራ መጋገሩ፣ ውሃ የመጣ ቀን ከሆነም ጀሪካን ሞልቶ ወደ ላይ ማመላለሱ።

መጀመሪያ ላይ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ትንፋሼ ተስተካከለ፤ ድሮ የሚያስቆመኝን ዳገት አሁን እያወራሁ እወጣዋለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን የቀኝ ቅልጥሜን በውስጥ በኩል ያመኛል። ሩጫው ሲጀመር ይቆረጥመኛል፣ ሰውነቴ ሲሞቅ ይተወኛል፣ ማታ ከሥራ ስወጣ ይመለሳል። ሌላው ደግሞ እንቅልፌ ነው። በጊዜ ተኝቼ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅቼ እቀራለሁ። ደክሞኝ ሳለ እንቅልፍ አለመምጣቱ ገርሞኛል።

ለጓደኞቼ ስነግራቸው «አንድ ቀን ካቋረጥሽ ኮንዲሽንሽ ይወርዳል፤ ሕመሙ ስትለምጂው ይጠፋል» አሉኝ። እናንተ ምን ትላላችሁ? የዕረፍት ቀን የሚባለው ለእኔ ዓይነት ጀማሪ አስፈላጊ ነው? የትኛውን ቀን ልረፍ? በዚያ ቀንስ ምን ልሥራ?

ላፍቶ 23

እህት፣ ከልቤ የምመክርሽ እንዳታቆሚ ነው። እኔም ስጀምር እግሬን አሞኝ ነበር፣ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። የእኛ አትሌቶች በቀን ሁለት ጊዜ ይሠራሉ። አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይቶ ነው ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው። ሰውነት የሚጠነክረው ሲገፋ ነው። ከፈለግሽ ፍጥነቱን ቀንሺ፣ ከቤት መውጣቱን ግን አትተዪ፤ አንድ ቀን የተወ ሰው ሁለተኛውንም ይተዋል። ብዙ ጓደኞቼ ልምምድ ያቆሙት እንዲህ ሆነው ነው።

አሰልጣኝ ከሰሚት

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ረጋ ብዬ ነው ያነበብኩት። ወጣት ሳለሁ በአንድ ክለብ ውስጥ 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትር እሮጥ ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት ሥራ ያላቸውን ሰዎች አሠራለሁ፤ የባንክ ሠራተኞች፣ መምህራን፣ ነርሶች አሉ። ያንቺን ዓይነት ሳምንት በደንብ አውቀዋለሁ።

ሌላው ሁሉ ሊቆይ ስለሚችል ከቅልጥምሽ ልጀምር። ዛሬ ማታ ቁጭ ብለሽ በአንድ ጣት የቅልጥምሽን የውስጥ ጠርዝ ከቁርጭምጭሚት ጀምረሽ ወደ ላይ እየተጫንሽ ሂጂ። ሕመሙ ከአንድ መዳፍ በሚረዝም መስመር ላይ የተዘረጋ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አጥንቱን የሸፈነው ስስ ልባስና እዚያ የሚያያዙት ጡንቻዎች ተቆጥተው ነው። ይህ ጫናውን ሲቀንሱለት ይሽላል። ሕመሙ በጣትሽ ጫፍ ልትሸፍኚው በምትችይው አንድ ነጥብ ላይ ተሰብስቦ ከሆነ፣ በዚያው እግር ብቻ እንጣጥ ስትዪ ከተሰማሽ፣ ወይም ተኝተሽም የሚያምሽ ከሆነ ግን ነገሩ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ያኔ አንድም ቀን ሳትሮጪ ሐኪም ቤት ሂጂ። በስንጥቅ ላይ መሮጥ «ስትለምጂው የሚጠፋ» ነገር አይደለም፤ ስንጥቁ ወደ ሙሉ ስብራት ሊሄድ ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሳምንትሽን ስትዘረዝሪ ሩጫውን ለብቻ፣ ሥራውን ለብቻ፣ የቤቱን ለብቻ አስቀመጥሽው። እግርሽ ግን እንዲህ ለያይቶ አያውቀውም። ንጋት 11 ሰዓት ላይ የጀመረው እግር እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት አልተቀመጠም። ጀሪካኑ 20 ሊትር ከሆነ 20 ኪሎ ነው፤ ያንን ይዞ ደረጃ መውጣት ጂም ውስጥ ቢሆን ኖሮ የእግር ቀን ተብሎ ይመዘገብ ነበር። እሁድንም ከሰዓት በኋላ ጃን ሜዳ ባትሄጂ እንኳ ያረፍሽ አይመስለኝም። ለዚህ ነው ሰዎችን ስቀበል መጀመሪያ ስንት ኪሎ ሜትር ትሮጣለህ ብዬ የማልጠይቀው። ስንት ሰዓት ትቆማለህ፣ ስንት ሰዓት ትተኛለህ ነው የምለው።

አትሌቱ በቀን ሁለቴ ይሠራል የተባለው እውነት ነው። በሁለቱ መካከል ግን ተኝቷል። ክለብ ውስጥ የነበረውን ኑሮ ልንገርሽ። ከባዱ ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀን ነበር፤ በአውቶብስ ሰንዳፋ ወይም ሱሉልታ ወይም እንጦጦ ይወስዱናል። ጨርሰን ስንመለስ ምግብ፣ ሻወር፣ አልጋ። ከሰዓት በኋላ ገበያ የሚንከራተትን ልጅ አሰልጣኙ ይቆጣው ነበር፤ ካፌ ቆሞ ማውራትም አይወደድም። በመሀሉ ያሉት ቀናት ኢዚ፣ ማለትም ቀላል ሩጫ ብቻ ናቸው። የባሕር ዛፉ ጫካ ውስጥ ተሰልፈን እየተጠማዘዝን የምንሮጠው ሩጫ በጣም ቀርፋፋ ስለነበር አንቺም ከኋላ ልትከተዪን ትችዪ ነበር። ይህን የምለው እንዲያው ለማጽናናት አይደለም። ብዙ ጀማሪ ቀላሉን ቀን ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ይሮጥና በከባዱ ቀን የሚሰጠው ጉልበት ያጣል። እሁድ ደግሞ ለአብዛኞቻችን ልምምድ አልነበረም። ኑሯቸው ሩጫ የሆነ፣ ምግባቸው ተሠርቶ የሚቀርብላቸው ልጆች ይህን ያህል የሚያርፉ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ሴት ከእነሱ አንሳ ልታርፍ አይገባም።

ስለ አበበም ትንሽ ልበል፤ ለሁላችንም የሚከበር ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የሮጠው ከቀዶ ሕክምና በኋላ መሆኑ እውነት ነው። ከዚያ ታሪክ እኔ የምማረው ሌላ ነገር ነው። ውድድሩ በተቃረበባቸው ሳምንታት እንደ ወትሮው መሥራት አልቻለም፤ ከሮም 1960 በፊት ጀምሮ ለዓመታት ያጠራቀመው አቅም ግን አልጠፋም። ሳምንታት ያላጠፉትን ነገር አንድ የዕረፍት ቀን እንዴት ያጠፋዋል? በጥቂት ቀን ዕረፍት ቀድሞ የሚቀንሰው የደም ፈሳሹ ነው፤ ይህም ልምምድ ሲጀመር ቶሎ ይመለሳል። የልብና የሳንባ አቅም በደንብ መውረድ የሚጀምረው ልምምድ ሁለት ሦስት ሳምንት ጭራሽ ሲቋረጥ ነው። ማራቶን ሯጮች ከውድድር በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት የሚሮጡትን ኪሎ ሜትር ወደ ግማሽ ይቀንሱታል፤ ይህን የሚያደርጉት እንዲፈጥኑ ነው፣ ይፈጥናሉም።

ዳገቱን እያወራሽ መውጣት መቻልሽ አስደስቶኛል፤ አደጋውም እዚያው ጋ ነው። ልብና ሳንባ በሳምንታት ውስጥ ይለምዳሉ። አጥንት ግን እንዲህ አይቸኩልም። ጫና ሲበዛበት መጀመሪያ የተጎዳውን ክፍል የሚያፈርሱ ሴሎች ይሠማራሉ፤ አዲስ የሚገነቡት ከኋላ ይመጣሉ፤ ሥራው ተጠናቆ እስኪጠነክር ወራት ይወስዳል። በመሀሉ አጥንቱ ከበፊቱም የደከመበት ጊዜ አለ። ትንፋሽሽ «ጨምሪ» የሚልሽ ልክ በዚያ ጊዜ ነው። የዕረፍት ቀን የሚያስፈልገው በትንፋሹና በአጥንቱ መካከል ያለውን ይህን ርቀት ለማጥበብ ነው። ቁልቁለቱ ደግሞ ያባብሰዋል፤ ዳገት ሲወጣ የሚደክመው ልብ ነው፣ ሲወረድ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ቅልጥምና ጉልበት ላይ ያርፋል። ከእንጦጦ በየቀኑ በአስፋልት እየሮጡ መውረድን ለማንም ጀማሪ አልሰጥም። ውጡና ተራመዱ ወይም በታክሲ ውረዱ እላለሁ።

ቀኑን በተመለከተ፣ እሮብና ዓርብ የምትጾሚ ይመስለኛል፤ ቅዳሴ ስላልሽ ነው። እስከ 9 ሰዓት ውሃም ሳትቀምሺ የምትቆዪ ከሆነ ንጋት 11 ሰዓት ላይ በላብ ያወጣሽውን ፈሳሽ ሳትተኪ ለአስር ሰዓት ያህል ትቆያለሽ ማለት ነው። ስለዚህ እሮብ ይረፍ። ዓርብም ይረፍ፤ ካላስቻለሽ ሃያ ደቂቃ መራመድ ይበቃል። ሰኞና ሐሙስ ሜዳ ላይ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወራሽ የምትሮጪው ቀላል ሩጫ ይሁን። ዳገት በሳምንት አንዴ፣ ማክሰኞ። ቅዳሜ ረጅሙ፤ በቀስታ አንድ ሰዓት ያህል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጃን ሜዳ የለም። ይህ ግን ቅልጥምሽ ከዳነ በኋላ የሚጀመር ነው፤ አሁን በሚያምሽ እግር ላይ ፕሮግራም አልሠራም።

በዕረፍት ቀን ምን ልሥራ ላልሽው፣ ተኚ። ሌሎቹ የሚወጡበት ሰዓት ላይ አንቺ እስከ 12 ሰዓት ተኩል ተኚ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መንቃትሽ ራሱ ሰውነት ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ከሚያሳያቸው ምልክቶች አንዱ ነው፤ ብዙ ሯጮች ላይ አይቼዋለሁ። ፋርማሲው ውስጥ በርጩማ ካለ ደንበኛ በሌለበት ደቂቃ ተቀመጪ። ጀሪካኑን በግማሽ ሙዪው ወይም ቤት ካለ ወንድም ይሸከመው። ምግብ ደግሞ አትቀንሺ። «ዛሬ ስላልሮጥኩ» ብለው እንጀራውን የሚቀንሱ ሰዎች አሉ፤ ትናንት የወጣውን ስንቅ ጡንቻ የሚመልሰው ዛሬ ነው፣ በቂ ከተበላም ወደ 24 ሰዓት ይፈልጋል። ምስርና ሽሮ በርከት ይበል። ቡናውን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል አርቂው፤ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረት እንዳይመጠጥ ያደርጋል፣ ሴት ሯጭ ደግሞ ብረት በቀላሉ ያንሳታል።

ላፍቶ 23

አሰልጣኝ፣ ስለ አበበ ያሉት ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። ግን በአንድ ነገር አልስማማም። ሁሉም ሰው እኩል አይደለም። እኔ ሳምንቱን ሙሉ እሠራለሁ፣ እስካሁን ደህና ነኝ፣ ሥራዬም ቢሮ ተቀምጬ ነው። ማረፍ ያለብኝ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሕመም እስኪመጣ ነው የምጠብቀው?

አሰልጣኝ ከሰሚት

ልክ ነህ፣ እኩል አይደለም፤ ተቀምጠህ የምትውል መሆንህ ትልቅ ልዩነት ነው። ሕመም እስኪመጣ ግን አትጠብቅ። ጠዋት ዓይንህን ስትገልጥ፣ ከአልጋ ሳትነሳ፣ ስልክም ሳታይ፣ አንገትህ ላይ ጣትህን አሳርፈህ የልብ ምትህን ለአንድ ደቂቃ ቁጠር። በየቀኑ ጻፈው። የራስህን ልክ በሁለት ሳምንት ታውቀዋለህ። ከወትሮው በ7 ወይም በ10 ምት ከፍ ብሎ ካገኘኸው፣ እግርህም ከከበደህ፣ ያን ቀን እረፍ ወይም ተራመድ። አንድ ቀን ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ትናንት ማታ መጠጥ ወይም ጉንፋን ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስት ቀን ከተከታተለ ግን ስማው። ሌላው ምልክት ፀባይ ነው። ያለ ምክንያት መነጫነጭ ስትጀምር ቤተሰብህ ካንተ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ጠይቃቸው።

አንድ ቀን የተወ ሁለተኛውንም ይተዋል ያልከው እውነተኛ ስጋት ነው፣ አልንቀውም። ሰው ልምዱን የሚያጣው ግን የዕረፍቱ ቀን ባልታሰበበት ጊዜ ሲመጣ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ፣ ሲያንቀላፋ። ቀኑ አስቀድሞ ከተወሰነ ረቡዕ ያረፈ ሰው ሐሙስ ይወጣል።

ፊዚዮ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ከሜሪላንድ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። አሰልጣኙ ስለ አጥንት ባሉት ላይ ስለ ጅማት ልጨምር፤ እኔ ጋ የሚመጡት የአገሬ ሰዎች አብዛኛው ችግራቸው እሱ ነው። በተለይ እዚህ አሜሪካ በየዓመቱ በሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ሰሞን። ሳምንቱን ሙሉ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሚነዳ አባት ለከተማው ቡድን ተሰልፎ በተከታታይ ቀናት ይጫወትና ከተረከዙ በላይ ያለውን ጅማት አሞት ይመጣል።

ጅማት ከከባድ ሥራ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ከ24 እስከ 36 ሰዓታት ውስጥ የሚፈርሰው ከሚገነባው ይበልጣል። ግንባታው ብልጫ የሚወስደው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛው ከባድ ቀን በማግስቱ ሲመጣ ጅማቱን ገና ጎድሎ ሳለ ያገኘዋል፤ ይህ ሲደጋገም ጉድለቱ ይጠራቀማል። ጡንቻ ቶሎ ስለሚያገግም «ደህና ነኝ» ያሰኛል። ክብደት ለምታነሱም እንዲሁ ነው፤ አንድን የሰውነት ክፍል በከባዱ ካሠራችሁት 48 ሰዓት ገደማ ስጡት። ዛሬ እግር ከሆነ ነገ ደረትና ክንድ መሥራት ይቻላል።

ለጠያቂዋ ሁለት ነገር። ሐኪም ቤት ሄደሽ ራጅ ተነስተሽ «ምንም የለም» ብትባዪ በዚያ ብቻ ተረጋግተሽ ወደ ሩጫ አትመለሺ። የአጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ኤምአርአይ ነው ቶሎ የሚያሳየው። ሕመሙ ካለ እንዳለ ቁጠሪው። ሁለተኛ፣ ልምምድ ከጀመርሽ ወዲህ የወር አበባሽ ከተዛባ ወይም ከቀረ ለሐኪሙ ሳታፍሪ ንገሪ። የምትበዪው ለምታወጪው ጉልበት እንደማይበቃ ሊያመለክት ይችላል፣ አጥንትንም ያዳክማል።

ጡረተኛው ከአዳማ

እኔ ሩጫ የለኝም። ዕድሜዬ ከስድሳ አልፏል፣ የስኳር ሕመም አለብኝ፤ ሐኪሜ በየቀኑ እንድራመድ አዝዞኛል። ጠዋት ግማሽ ሰዓት እራመዳለሁ፣ ማታ ከእራት በኋላም ትንሽ እንቀሳቀሳለሁ። ይህን ሳነብ እኔም ማረፍ አለብኝ እንዴ ብዬ ተጨነቅሁ። ልጆቼም «አባባ አታብዛው» ይሉኛል።

ፊዚዮ ሲልቨር ስፕሪንግ

አባቴ፣ አይጨነቁ። ከላይ ያልነው ለሚሮጥና ክብደት ለሚያነሳ ሰው ነው። በእርስዎ ልክ የሚደረግ የእግር ጉዞ በየቀኑ ቢሆን ጉዳት የለውም። እንዲያውም ለስኳር ታማሚ በተከታታይ ከሁለት ቀን በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት አይመከርም። እንቅስቃሴ ጡንቻው ስኳሩን ከደም እንዲወስድ ያግዛል፤ ይህ ጥቅሙ ደግሞ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው መካከለኛ እንቅስቃሴ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ነው፤ የጠዋቱ ጉዞዎ ብቻውን ያሟላዋል። በየማታው እግርዎን ከታች ገልብጠው ይመልከቱ፤ ቁስል ወይም የተላጠ ነገር ካዩ ያን ቀን አይራመዱ፣ ሐኪም ያሳዩት። ስኳር የነካው እግር ሕመሙን ላይናገር ይችላል። ልጆችዎን ስለ አሳቢነታቸው ያመስግኑልኝ።

የሽሮ ሜዳዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እንዳሉት በጣቴ እየተጫንኩ ሄድኩ። ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ጮህኩ፤ ከሱ በላይም ከሱ በታችም ያን ያህል የለም። በቀኝ እግሬ ብቻ እንጣጥ ለማለት ሞክሬ ተውኩት። የወር አበባዬ ደህና ነው። እውነቱን ለመናገር ፈርቻለሁ።

ሦስት ነገር ልጠይቅዎት። ሐኪሙ አቁሚ ካለኝ ይህ ሁሉ የለፋሁበት ገደል ገባ ማለት ነው? ጓደኞቼን ምን እላቸዋለሁ? እኔን ጠብቀው ነው ቡድኑ የተመሠረተው። ደግሞ ይህን መጠየቅ ይከብደኛል፣ ቅዳሴ ላይ መቆሙም ይቆጠራል? እሱን መተው አልፈልግም።

አሰልጣኝ ከሰሚት

ልጄ፣ አይዞሽ። በጊዜ ነው የደረስሽበት። አንድ ነጥብ ላይ ከሆነ ሩጫው ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፤ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ዳገትም ቁልቁለትም ሜዳም የለም። የአጥንት ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ፊዚዮዋ ስለ ራጁ ያለችውን አትርሺ።

ስንጥቅ ሆኖ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሩጫ አይኖርም። ያ ማለት የዘንድሮው ኅዳር ያልፍሻል ማለት ነው፤ ልደብቅሽ አልፈልግም። ታላቁ ሩጫ ከኅዳር 1994 ጀምሮ ያለ ነው፣ የሚቀጥለው ዓመትም ይመጣል፤ በጤነኛ አጥንት ትሮጪዋለሽ። ስንጥቅ ካልሆነ ደግሞ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በቀላሉ ትመለሻለሽ፣ 10 ኪሎ ሜትሩም አሁንም ይደረስበታል።

የለፋሽበት አይጠፋም። ሐኪሙ ከፈቀደ ጂም ያለውን የማይንቀሳቀስ ብስክሌት መንዳት ትችያለሽ። ትንፋሽሽን ይጠብቅልሻል፣ ቅልጥምሽ ላይ ግን የእርምጃ ምት የለበትም። እዚያም ቢሆን እሮብና ዓርብ ይረፉ፤ በብስክሌት ምክንያት የዕረፍት ቀኖቹን መልሰሽ እንዳትሞያቸው።

ቅዳሴው ይቆጠራል፣ አዎ፤ ለሰዓታት ባዶ እግር ድንጋይ ወለል ላይ መቆም ነው። ተይው አልልሽም፣ እኔም አልተውኩትም። ስብከት ሲሰጥ ተቀመጪ፣ ምንጣፍ ያለበት ቦታ ምረጪ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ደግሞ ልብስ አጠባው በዚያው ቀን አይሁን። ሳፋውን ወደ ሌላ ምሽት አዙሪው፤ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ከማጠብ በሁለት ምሽት ከፋፍለሽ ተቀምጠሽ እጠቢው። ለእንጀራውም ምጣዱ ዝቅ ያለ ከሆነ በርጩማ ላይ ሁኚ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ደግሞ ያግዝሽ፤ ይህን ሳትጠይቂ የምትቀሪ ይመስለኛል፣ ጠይቂ።

ጓደኞችሽን እንዳታጪያቸው። ያልሽውን ሁሉ ንገሪያቸውና እነሱም ዛሬ ማታ ቅልጥማቸውን በጣት ይጫኑ፤ በየቀኑ አንድ መንገድ ስለምትወርዱ ሌላም ሰው የሚያመው ቢኖር አይደንቀኝም። ቡድኑ እሮብና ዓርብ እንዲያርፍ ሐሳብ አቅርቢ። እንቢ ካሉ ቅዳሜ ጠዋት መንገዱ መጨረሻ ላይ ውሃ ይዘሽ ጠብቂያቸው፤ ሲመለሱ ቁልቁለቱን በእግር እንዲወርዱ የምታደርጊው አንቺ ነሽ።

ነገ ንጋት ላይ አትውጪ። ከሥራ ፈቃድ ጠይቀሽ ሐኪም ቤት ሂጂና የነገሩሽን እዚሁ ጻፊልን፤ ውጤቱን አይተን ከብስክሌቱ ጀምሮ ሳምንቱን አብረን እንሠራዋለን።